የረጋ ደም ሳንባ ሲደርስ፦ ምልክቶቹና ታሪኩ

ሐኪሞች «ፐልሞናሪ ኢምቦሊዝም» ይሉታል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከእግር ነው። በባት ወይም በጭን ጥልቅ ደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም ይላቀቅና በልብ አልፎ የሳንባን ደም ቅዳ ይዘጋል።

ዋናው ምልክት ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ነው። ትናንት ደረጃ የወጣ ሰው ዛሬ መኝታ ቤቱ ድረስ ሲሄድ ያለከልካል። አየር ሲስብ የሚብስ ውጋት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ደም የቀላቀለ ሳል ሊከተሉ ይችላሉ። ራስን መሳት ከመጣ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። ሁሉም ምልክቶች በአንድ ሰው ላይ ላይታዩ ይችላሉ። እኛ ዘንድ ውጋት ሲባል «ብርድ ነው» ተብሎ ዝንጅብል ይፈላል። አንዳንዴ እውነትም ብርድ ይሆናል። ግን አንድ እግር ብቻ ካበጠ ዝንጅብሉ ይቆይ። ጎበዝ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ሜትር አውጥታ ከጉልበት በታች ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሳንቲሜትር ወርዳ ሁለቱንም ባት ትለካለች። ልዩነቱ ከ3 ሳንቲሜትር ካለፈ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ቀዶ ሕክምና፣ ካንሰር፣ እርግዝና፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያና ለረጅም ጊዜ መተኛት አደጋውን ይጨምራሉ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን እንደሚደረገው ያለ ረጅም በረራም እንዲሁ። አራስ ደግሞ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ልዩ ትኩረት ያሻታል። አልጋ ላይ ተንከባክቦ ማቆየቱ ደግ ባህል ነው፤ ሐኪም ካልከለከለ ግን ቤት ውስጥ ወዲህ ወዲያ ማለቷ ይጠቅማታል።

የበሽታውን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በርሊን ውስጥ ያሳየው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ ነው። ሄፓሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ የተገኘው በ1916 ነው። ሕክምናውን ያስመሰከረው ግን በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ ተሠርቶ በ1960 የታተመው ትንሽ ጥናት ነው። ሕመምተኞቹ 35 ብቻ ነበሩ፤ መድኃኒቱን ማን እንደሚያገኝ የተወሰነው በዕጣ ነው። የደም ማቅጠኛ ካላገኙት 19 ሰዎች 5ቱ በዚሁ በሽታ ሞቱ፤ ካገኙት 16 ሰዎች በዚህ የሞተ የለም። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን መከልከል ግፍ ስለሆነ ዕጣ ማውጣቱ ቆመ። ባለሙያዎች ይህን ጥናት ዛሬም ያነሱታል።

ምርመራው በሲቲ ስካን ነው፤ የእግር አልትራሳውንድና ዲ-ዳይመር የተባለው የደም ምርመራም ያግዛሉ። በጣም ትንንሽ የረጋ ደም ሁሉ መታከም አለበት ወይ በሚለው ላይ ሐኪሞች ዛሬም አልተስማሙም። ይህ ግን የሐኪም ክርክር ነው። ድንገት ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።