የብረት ድካም ምንድን ነው?

ፒንሳ በሌለበት ቤት ሽቦ እንዴት ይቆረጣል? መቼም ያላደረገው የለም። ይታጠፋል፣ ይቃናል፣ ይታጠፋል፣ ይቃናል። ከጥቂት ምልልስ በኋላ ቀጭ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። የተቆረጠበትን ቦታ ወዲያው በጣት ብትነኩት ይሞቃል። ያንኑ ሽቦ በሁለት እጅ ስቦ መበጠስ ግን ጉልበተኛም አይሞክረው።

የብረት ድካም ማለት ይሄው ነው። አንድ ጊዜ ሲጫንበት ምንም ያልመሰለው ብረት፣ ያው ጭነት ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት ይሰበራል። መጀመሪያ ለዓይን የማትታይ ስንጥቅ ትፈጠራለች። ብዙ ጊዜ የምትጀምረው ጥግ፣ ቀዳዳ ወይም ጭረት ካለበት ነው። ጭነቱ መጥቶ በሄደ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ትረዝማለች። የተረፈው ደህና ብረት ሸክሙን መቻል ሲያቅተው ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይሄዳል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ይህን ያውቁታል። ሙሉ ጭኖ አቀበቱን የወጣ መኪና ባዶውን ሲመለስ ባሌስትራው ይሰበራል። ሾፌሩ ጉድጓዱን ይረግማል፤ ጉድጓዱ ግን የመጨረሻው ብቻ ነበር።

ስሙ ትንሽ ያሳስታል። የደከመው ሰው ቢተኛ ይነሳል። ብረት ግን አርፎ አይድንም፤ ስንጥቋ እዚያው ናት። «ብረት» ማለታችንም ከልማድ ነው። የአውሮፕላን ገላ ለረጅም ዘመን የተሠራው በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ደግሞ በዚህ በኩል ከብረት ይብሳል። ተራ ብረት ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ ጭነቱን ስንት ሚሊዮን ጊዜ ቢያመላልሱበት ይችላል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ልክ የለውም። ጭነቱ ትንሽ ቢሆንም ምልልሱ ከበዛ አንድ ቀን ይሰነጠቃል።

ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋሉት የባቡር ሰዎች ናቸው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር አክሰል ያለ ምክንያት እየተሰበረ ሲያስቸግራቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዓለምን ያስደነገጠው ግን በአየር ላይ ሲደርስ ነው።

ኮሜት የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ነበር። የሠራው የእንግሊዙ ዴ ሃቪላንድ ነው። ሜይ 2 ቀን 1952 የእንግሊዙ አየር መንገድ ቢኦኤሲ በዚህ አውሮፕላን ከለንደን ጆሃንስበርግ የሚወስድ በረራ ጀመረ። መንገዱ በሮም፣ በቤይሩት፣ በካርቱም፣ በኢንቴቤ እና በሊቪንግስተን አድርጎ ነበር የሚሄደው። ያን ቀን የበረረው አውሮፕላን በሬዲዮ መጠሪያው «ዮክ ፒተር» ይባል ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ።

ኮሜት ወደ 12,000 ሜትር ከፍታ ይወጣል። እዚያ ላይ ሰው መተንፈስ ስለማይችል አየር እየተነፋ ወደ ውስጥ ይገባል። ውስጡ ከ2,400 ሜትር ከፍታ አየር ጋር እኩል እንዲሆን ነበር የታሰበው። ይህ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። በሌላ አነጋገር ተሳፋሪው ሰማይ ላይ ሆኖ የአራት ኪሎን ያህል አየር ይተነፍሳል፤ ውጭ ያለው አየር ግን እጅግ የሳሳ ነው። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 5.8 ቶን ግፊት ይሆናል። ይህን የሚሸከመው ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ የአሉሚኒየም ቆዳ ነው። አውሮፕላኑ ሲወጣ ገላው ይነፋል፣ ሲወርድ ይሟሽሻል። በየበረራው አንድ ጊዜ። ሽቦው ታጠፈ፣ ተቃና።

በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ከ1946 ጀምሮ፣ የሚበርባቸው ዳኮታ የሚባሉ ባለ ውልብልቢት አውሮፕላኖች ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። ዝቅ ብለው ስለሚበሩ ውስጣቸው አየር አይነፋም።

ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 ዮክ ፒተር ከሮም ተነስቶ ወደ ለንደን አቀና። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደበረረ አብራሪው በአካባቢው ለነበረ ሌላ አውሮፕላን በሬዲዮ እየተናገረ ነበር። ቀደም ሲል የላከው መልእክት ደርሶት እንደሆነ እየጠየቀ ሳለ ድምፁ ከመሃል ተቆረጠ። አውሮፕላኑ በኤልባ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። 35 ሰው ሞተ።

ኮሜቶች ከበረራ ታገዱ። ያኔ ብላክ ቦክስ የለም። ሞተር ተጠረጠረ፣ እሳት ተጠረጠረ፣ ብዙ ነገር ተሻሻለ። በማርች መጨረሻ ገደማ በረራው ተጀመረ። ኤፕሪል 8 ቀን ሌላ ኮሜት ከሮም ወደ ካይሮ ሲሄድ ከኔፕልስ ደቡብ ባሕር ላይ ወደቀ። 21 ሰው አለቀ። አሁን ፈቃዱ ራሱ ተነጠቀ።

ምርመራው እንግሊዝ አገር ላለው ለፋርንቦሮው የአውሮፕላን ምርምር ተቋምና ለኃላፊው ለሰር አርኖልድ ሆል ተሰጠ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የውኃ ውስጥ ቴሌቪዥን ካሜራ እያወረደ የዮክ ፒተርን ስብርባሪ ከኤልባ ባሕር ወለል ለቀመ። ሆል በበኩሉ አንድ ሌላ ኮሜት አስመጣና ገላውን ትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገባው። ክንፎቹ በገንዳው ጎንና ጎን ወጥተው ቀሩ። ውስጡም በውኃ ተሞላ።

ለምን ውኃ? አየር ሲታመቅ ኃይል ያጠራቅማል። ገላው ሲቀደድ እንደ ቦምብ ይፈነዳና ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ ማወቂያው ይጠፋል። ውኃ ግን እምብዛም አይታመቅም። ቀዳዳው እንደተከፈተ ግፊቱ ቱስ ይልና ያበቃል፤ ማስረጃው ባለበት ይቆያል። እንዲህ ቀላል ነገር ሳነብ ሁሌ ይገርመኛል።

ከዚያ ፓምፑ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ይለቃል። ክንፎቹን ደግሞ ሃይድሮሊክ ክሪክ ያወዛውዛቸዋል፣ ነፋስ እንደሚያንገላታቸው። ቀን ከሌት። ያ አውሮፕላን ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት 1,221 ጊዜ በርሮ ነበር። ገንዳው ውስጥ 1,836 «በረራ» ተጨመረለት። በጁን መጨረሻ፣ በድምሩ 3,057ኛው ላይ፣ ገላው ከመስኮት ማዕዘን ጀምሮ ተተረተረ። ዮክ ፒተር የወደቀው 1,290 ያህል በረራ ላይ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ 900 ላይ።

ግን እኮ ዴ ሃቪላንድ አስቀድሞ ሞክሮት ነበር! የገላውን ቁራጭ ወስዶ ግፊቱን ሲያመላልስበት ከ16,000 ጊዜ በላይ ችሏል። ታዲያ ምን ሆነ? ያ ቁራጭ ከዚያ በፊት ለሌላ ሙከራ በእጥፍ ግፊት ተነፍቶ ነበር። ከአቅም በላይ ሲነፋ፣ ጭንቀት (ብረቱን ከውስጥ የሚወጥረው ኃይል) የሚበዛባቸው የመስኮት ማዕዘኖች በጣም በጥቂቱ ተለጠጡ። ግፊቱ ሲለቀቅ በዙሪያቸው ያለው ብረት መልሶ አመቃቸው። የታመቀ ቦታ ላይ ስንጥቅ ቶሎ አይከፈትም። ጠንካራነቱን ለማሳየት የተደረገው ሙከራ ራሱ ናሙናውን ከድካም ጠበቀው ማለት ነው። ሰው ጭኖ የሚበረው ኮሜት ግን ይህ አልተደረገለትም። እኔን ከታሪኩ ሁሉ የሚያመኝ ይሄ ነው። ማንም አልዋሸም፤ ቁጥሩም እውነተኛ ነበር፤ የሌላ ብረት ቁጥር ሆኖ ነው እንጂ።

ዩቲዩብ ላይ ታሪኩ ሲነገር «መስኮቱ አራት ማዕዘን ስለነበር ወደቀ» ተብሎ ያልቃል። ግማሽ እውነት ነው። የኮሜት መስኮቶች ማዕዘናቸው የተጠጋጋ ነበር፤ ግን በቂ አልነበረም። ማዕዘን ላይ ጭንቀት ይከማቻል፤ ኢንጂነሮቹም ከገመቱት በላይ ተከማችቶ ተገኘ። በዚያ ላይ የሪቬት (ቆዳውን የሚያያይዘው ምስማር መሳይ ማሰሪያ) ቀዳዳዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው የስንጥቅ መነሻ መሆን የሚችሉ።

ከዚያ በኋላ መስኮት ክብነት አበዛ፣ ቆዳ ወፈረ። አንድ ስንጥቅ ቢነሳ እንኳ ሩቅ ሳይሄድ የሚያስቆም ማጠናከሪያ ገላው ላይ መታሰር ተለመደ። የተሻሻለው ኮሜት 4 በ1958 አትላንቲክን ማቋረጥ ጀመረ፤ ግን በዚያው ወር ቦይንግ 707 መጣበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1962 ጄት ሲያስገባ የመረጠው ቦይንግ 720 ነበር።

የአውሮፕላን ዕድሜ አቆጣጠርም ተለየ። ስንት ሰዓት በረረ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ ተነስቶ አረፈ ተብሎ ይቆጠራል። የሃዋዩ አሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በ1988 አየር ላይ እያለ የፊተኛው ክፍል ጣሪያው ተገንጥሎ ሄደ። የበረረው ከ35,000 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ የበረራው ብዛት ግን ከ89,000 በላይ ነበር። ከደሴት ደሴት እየዘለለ ከመጠን በላይ ተነፍቶና ሟሽሾ ነበር፤ የባሕሩ ጨውም ዝገት ጨምሮበታል። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች። አብራሪዎቹ ጣሪያ የሌለውን አውሮፕላን በሰላም አሳረፉት።

የዮክ ፒተር የጣሪያ ቁራጭ ዛሬ ለንደን፣ ሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ስንጥቁ የተነሳው ከዚያ ነው። ቁራጩ ላይ ሁለት መስኮት መሳይ ክፍተቶች አሉ። ከሥራቸው ለአቅጣጫ መፈለጊያ ሬዲዮ የሚያገለግል አንቴና ነበር፤ መስተዋትም አልነበራቸው። አንድም ተሳፋሪ በእነሱ በኩል ወደ ውጭ አላየም።