«በረሃ ወረደ»፦ ትርጉሙና አመጣጡ በጎንደር

ጎንደር ውስጥ ስለ አንድ ሰው «እገሌ እኮ በረሃ ወረደ» ከተባለ የሰማው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ሆኖ?» ብሎ ነው። የአገሩን ሙቀት የሚጠይቅ የለም። ሰውየው ርስቱን፣ ዘመዱንና የለመደውን ኑሮ ትቶ ሄዷል፤ ያስኮረፈው ወይም ያስገደደው ነገር አለ ማለት ነው።

የአባባሉ ጉልበት «ወረደ» የሚለው ግስ ላይ ነው። የጥንት ግሪኮች ምድርን በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲከፋፍሉ ከምድር ወገብ በሰሜንና በደቡብ ያለውን ሰፊ ቀበቶ የሚያቃጥል አገር አሉት፤ ከሙቀቱ የተነሳ ሰው አይኖርበትም ብለው የጻፉም ነበሩ። ጎንደር በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ከግማሽ ላይ ስለምትገኝ በዚያ አከፋፈል የምታርፈው እዚያው የሚያቃጥለው ቀበቶ ውስጥ ነው። ከተማዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ጋቢ ታስደርባለች። ከአዘዞ ተነስቶ በአይከልና በነጋዴ ባሕር አድርጎ ወደ ምዕራብ ያቆለቆለ መንገደኛ መተማ ሲደርስ ከፍታው ወደ 700 ሜትር ዝቅ ይልበታል። አንድ ሺህ ሜትር በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ከግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ በበጋው ማብቂያ የመተማ ቀትር ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ለጎንደሬ ሐሩር ያለው ከእግሩ በታች ነው። ለዚህ ነው ወደ በረሃ «የሚወረደው»።

ደገኛው ቆላን የሚፈራው ግን ከፀሐዩ ይልቅ ለንዳዱ ነበር። ንዳድ አባቶቻችን ለወባ ትኩሳት የሰጡት ስም ነው፤ ትኩሳቱ ደግሞ የያዘውን ሳይጥል አይለቅም። ምን ያህል እንደሚያስፈራ ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል፤ ወረርሽኙ ቆላ ሳይወስነው ጣና ዳር ወዳለው ወይና ደጋ ወጥቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሷል።

አባባሉ የተወለደው ከዚህ ፍርሃት ይመስለኛል። የደጋው መኳንንት ጦር ንዳድን ፈርቶ ቆላ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ስለዚህ ገዥን የተጣላ፣ ግፍ የደረሰበት ወይም ደም የተቃባ ሰው ወደ ቋራ፣ ወደ አርማጭሆ ወይም ወደ ወልቃይት ቆላ ከወረደ የሚከተለው ጥቂት ነው። አሳዳጁን የሚያስፈራው በሽታ ለተሳዳጁ አጥር ይሆንለታል። ደም የተቃባው እዚያ ቆይቶ ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ሲደርቅለት ይመለሳል። ካሳ ኃይሉ ታሪኩን የጀመረው በዚህ ቁልቁለት ነው፤ በቋራ ቆላ ሸፍቶ ተከታይ አበጀ፣ ጉልበቱን አጠነከረ፣ በመጨረሻም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ከስሜን ደጋ ላይ በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ሲይዝም አርበኛው «ዱር ቤቴ» ብሎ ወደነዚሁ ቆላዎች ወረደ፤ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ቤተሰብ «አባታችሁ የት አለ?» ሲባል የሚመልሰው «በረሃ ነው» ብሎ ነበር። መልሱ ውስጥ ኩራትም ስጋትም ነበረበት። ይህ ሁለትነት እስከ ዛሬ ከአባባሉ አልወጣም።

ሸፍቶ ከሚወርደው ሌላ ለጽድቅ የሚወርድም አለ። መነኩሴው «በረሃ ወረደ» ሲባል መነነ ማለት ነው፤ ጎንደሬ ይህን ሲል ዋልድባን ወይም መተማ ቆላ ያለውን ማኅበረ ሥላሴን ያስባል። በዋልድባ መነኮሳቱ እህል ትተው ከሙዝ ሥር በሚያዘጋጁት ቋርፍ ይኖራሉ። ሽፍታውና መናኙ በአንድ ግስ መጠራታቸው ለእኔ የአባባሉ ትልቁ ውበት ነው። ሁለቱም ዓለሙን ጥለው ወርደዋል፤ የጣሉበት ምክንያት ብቻ ይለያያል።

ዛሬ አባባሉን በብዛት የያዘው ሠራተኛው ነው። ክረምት ሲገባ ለሰሊጥ አረም፣ መስከረም ካለፈ በኋላ ደግሞ ለአጨዳ ከደጋው ብዙ ወጣት ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል፤ እዚያ ሲደርስ ሳሉግ ይባላል። ወባውም አልቀረለትም፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር የሚባል በሽታ ደግሞ ተጨምሮበታል። በሱዳን በኩል አድርጎ ሊቢያ ለመድረስ የሚነሳ ወጣትም «በረሃ ገባ» ይባላል። ካልተመለሰ «በረሃ በላው» ነው የሚባለው፤ ይህን ቃል በለቅሶ ቤት የሰማ ሰው እንደ ዋዛ አይናገረውም።

በአነጋገር ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ከብት ሊሸጥ ወይም ዘመድ ሊጠይቅ የሄደን ሰው «በረሃ ወረደ» ማለት ነገር ያስነሳል፤ «መተማ ወረደ» ወይም «ቆላ ወረደ» ማለት ይበቃል። «በረሃ ገባ» ሲባል ብዙ ጊዜ ጠመንጃ አንስቶ መውጣትን ያመለክታል። የሸፈተው ሰው ታርቆ ሲመለስ ያው «ገባ» የሚለው ግስ ትርጉሙ ይቀየርና «በሰላም ገባ» ይባላል። ስለዚህ «እገሌ ገባ» የሚል ወሬ ሲሰሙ ወዴት እንደሆነ ሳይጠይቁ ለቤተሰቡ እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት አይገባም።