አልቫሪኞ፦ የሚኞ ሸለቆ ነጭ ወይን

አልቫሪኞ ከፖርቱጋል ነባር ነጭ የወይን ዝርያዎች አንዱ ሲሆን፣ ዋነኛ መገኛው በሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ አገሪቱን ከስፔኗ ጋሊሲያ በሚለየው የሚኞ ወንዝ ዳርቻ ያሉት ሞንሳውና ሜልጋሱ ናቸው። ከወንዙ ማዶ ያሉ ገበሬዎች ይህንኑ ተክል አልባሪኞ ይሉታል። ሁለቱ ወረዳዎች እ.ኤ.አ. በ1908 በሕግ በተከለለው የቪኞ ቬርዴ የወይን ክልል ውስጥ ቢገኙም፣ ከአትላንቲክ የሚነሣውን እርጥብ ነፋስ ተራሮች ስለሚጋርዱላቸው በጋቸው ከቀሪው ክልል ይልቅ ደረቅና ሞቃት ነው። ፍሬው በቀኑ ሙቀት በሚገባ ይበስላል፤ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ደግሞ ጎምዛዛነቱን ይዞ ይቆያል።

የአልቫሪኞ ዘለላ አነስተኛ፣ ፍሬው ደቃቅ፣ ቆዳው ወፍራም ሲሆን ዘሩም ይበዛል። በዚህ ምክንያት ከአንድ ኪሎ ፍሬ የሚወጣው ጭማቂ ከብዙዎቹ ዝርያዎች ያነሰ ነው፤ የተገኘው ግን በስኳርም፣ በአሲድም፣ በመዓዛም የበለጸገ ነው። ዝርያው በገበያ ውድ የሆነውም በአብዛኛው ስለዚህ ነው።

የሚኞ ገበሬዎች ቀድሞ ወይኑን በዛፎች ላይ ወይም በግራናይት ምሰሶዎች በቆመ ከፍ ያለ ዳስ ላይ ያሳድጉት ነበር። ከዳሱ ሥር በቆሎና አትክልት ስለሚዘራ ጠባቧ ማሳ ለሁለት ምርት ትበቃለች፤ ከፍታውም ዘለላውን ከመሬቱ እርጥበት ያርቀዋል። ዛሬ የሚተከለው በአብዛኛው በሽቦ በተደገፈ ዝቅ ያለ ረድፍ ነው። ዝናብ በሚበዛበት በዚህ አገር ሻጋታ የዘወትር ጠላት በመሆኑ፣ አየር እንዲገባ በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል ማሳሳት ግድ ይላል።

ለቀማው ባብዛኛው በሴፕቴምበር ይከናወናል፤ ጥንቁቅ አምራቾች ፍሬው እንዳይፈርጥ በእጅ ለቅመው በትናንሽ ሳጥኖች ያጓጉዙታል። ወሳኙ ሥራ መጭመቁ ነው፤ ኃይል ከበዛበት ከወፍራሙ ቆዳና ከዘሩ ምሬት ይወጣል። ጭማቂው በቅዝቃዜ ከጠለለ በኋላ፣ መዓዛው እንዳይተን በአይዝጌ ብረት ጋን ውስጥ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በዝግታ እንዲፈላ ይደረጋል። ብዙ ጠማቂዎች ከዚያ በኋላ ወይኑን ከአምቡላው ጋር ለወራት ያቆዩታል፤ አልፎ አልፎ ሲያማስሉትም ጣዕሙ ይወፍራል። አንዳንዶች በኦክ በርሜል ያፈሉታል፤ ይሁን እንጂ የእንጨቱ ሽታ ካየለ የዝርያው የኮክና የብርቱካን አበባ መዓዛ ይሸፈናል።

ቀላሉ የቪኞ ቬርዴ ወይን ጠጅ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 11 በመቶ ሲሆን፣ አልቫሪኞ ወደ 13 በመቶ ይጠጋል። በመጀመሪያው ዓመት መጠጣት አለበት የሚለው ልማድ ግን ይበድለዋል፤ በጠርሙስ ውስጥ ዓመታት ሲቆይ የማርና የለውዝ ቃና ያበጃል። ለዝናው መስፋት ከጣሩት መካከል በሞንሳው የሚገኘው የብረዦዬይራ ቤተ መንግሥት እርሻና እ.ኤ.አ. በ1974 የመጀመሪያ ማሳውን በሜልጋሱ የተከለው ሱአልዬይሩ የተባለው የወይን አምራች ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የፈረንሳዩ የወይን ክልል ቦርዶ፣ የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም ከፈቀዳቸው አዳዲስ ዝርያዎች መካከል አልቫሪኞን አስገብቶታል።