ቤልቲንግ ምንድን ነው?

የእህቴ ልጅ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ልትጨርስ አንድ ዓመት ሲቀራት ሁለት የድምፅ ቅጂዎች በስልክ ላከችልኝ። በሁለቱም ላይ የዘፈነችው ያንኑ አጭር ሐረግ ነው፤ ቃሉም ዜማውም ከፍታውም አንድ ነው። በመጀመሪያው ቅጂ ድምፅዋ ክብና ለስላሳ ሆኖ ከአናቷ በላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ «ድምፀ መረዋ» የምንለው ዓይነት። በሁለተኛው ግን ያው ዜማ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ደማቅና ጠንካራ ነው፤ ከመዝፈን ይልቅ ሰውን ወደ መጣራት ይጠጋል። ዕድሜዬን ከመዘምራን ጋር ስላሳለፍኩ መልስ አያጣትም ብላ ይሆናል፣ ከሥሩ «አክስቴ፣ የትኛውን ልማር?» ብላ ጽፋለች።

ጥያቄዋ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ክላሲካል ድምፅ ታጥና ወይስ ታሪክ በትወና፣ በዘፈንና በጭፈራ የሚቀርብበትን ሙዚቃዊ ቴአትር የሚል ነው። ብዙ ሰው ይህን የዘፈን ምርጫ ያደርገዋል፤ ኦፔራ የሚወድ ወደዚያ፣ የኒውዮርክን የቴአትር መንደር ብሮድዌይን የሚወድ ወደዚህ። እኔ ግን ከዘፈኑ በፊት የሚመጣው የጉሮሮ ጉዳይ ነው እላለሁ። ሁለቱን ትምህርቶች ከሁሉ በላይ የሚለያያቸውም በሁለተኛው ቅጂ ላይ የሰማሁት ነገር ነው። ስሙ ቤልቲንግ ይባላል።

ቤልቲንግ ማለት ሰው ሲናገርና ሲጣራ የሚጠቀምበትን የደረት ድምፅ ጥንካሬ ይዞ፣ ድምፅ በተለምዶ ወደ ቀጭንነት በሚለወጥበት ከፍታ ላይ መዝፈን ነው። ልዩነቱን በራስዎ መሞከር ይችላሉ። እጅዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉና በወፍራም ድምፅ «እሺ» ይበሉ፤ መዳፍዎ ሥር ንዝረት ይሰማዎታል። ቀጥለው እልል ይበሉ። ንዝረቱ ከደረት ይሸሻል፤ ድምፁ ወደ ራስ የወጣ ይመስላል። ባለሙያዎች የመጀመሪያውን የደረት፣ ሁለተኛውን የራስ ድምፅ ይሉታል። አሁን ደግሞ ከገደል ማዶ ያለ ወንድሙን የሚጣራ ገበሬን ያስቡ። ድምፁ ከፍ ብሏል፤ ሆኖም እንደ እልልታ አልቀጠነም። ቤልቲንግ የሚነሣው ከዚህ ነው። ቀረርቶ እየሰማ ያደገ ሰው የድምፁን ጠባይ ለመለየት አይቸገርም።

በማንቁርት ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሁለት የድምፅ አውታሮች ከሳንባ በሚመጣው አየር እየተገፉ ይከፈታሉ፣ ይገጥማሉ፤ የሙዚቃ መሣሪያ በሚቃኝበት በ«ላ» ኖታ ላይ ይህ በሰከንድ 440 ጊዜ ይሆናል። አንዱ ጡንቻ አውታሮቹን ያሳጥራል፣ ያወፍራል፤ ሌላው ይወጥራቸዋል፣ ያቀጥናቸዋል። በቤልቲንግ ጊዜ የሚያወፍረው ጡንቻ ከፍታው ቢጨምርም ሥራውን አይለቅም፤ በእያንዳንዱ ዙር አውታሮቹ ገጥመው የሚቆዩበት ጊዜ ክፍት ሆነው ከሚቆዩበት ይበልጣል። ማንቁርት በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ አፍ እንደ ንግግር በሰፊው ይከፈታል። ክላሲካል ዘፋኝ በተቃራኒው ማንቁርቱን ዝቅ አድርጎ የጉሮሮውን ቦታ ያሰፋል። ተመሳሳይ አካል ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ይሆናል ማለት ነው።

ክላሲካሉ እንዲህ የሚያደርገው ለውበት ብቻ አይደለም። ኦፔራ ዘፋኝ ያለ ማይክሮፎን ከሙሉ ኦርኬስትራ በላይ መሰማት አለበት። ስዊድናዊው ተመራማሪ ዮሃን ሱንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየው የኦርኬስትራ ኃይል የሚበረታው 500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ሲሆን ከዚያ በላይ እየደከመ ይሄዳል። የሠለጠነ ዘፋኝ፣ በተለይ ወንዱ፣ የድምፁን ጉልበት ወደ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ይሰበስባል። ኦርኬስትራው በደከመበት ቦታ እርሱ ይበረታል፤ ስለዚህ ሳይጮህ ይሰማል። ዋጋም ይከፈልበታል፤ በተለይ ሴት ዘፋኝ በጣም ከፍ ስትል አናባቢዎቹ ቅርጻቸውን ስለሚለውጡ ቃሉ ይደበዝዛል። ሙዚቃዊ ቴአትር ደግሞ የቆመው በቃል ላይ ነው። ታዳሚው ቃሉን ካልያዘ ታሪኩ ያመልጠዋል።

ቤልቲንግን ማይክሮፎን ወለደው የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1930 በኒውዮርክ አልቪን ቴአትር፣ ጆርጅ ገርሽዊን ሙዚቃውን በጻፈው ትርዒት ላይ፣ ኤቴል መርማን የተባለች የቀድሞ የቢሮ ጸሐፊ መድረክ ላይ ወጣች። መደበኛ የድምፅ ትምህርት አልነበራትም፤ ማይክሮፎንም አልነበረም። አንድ ከፍ ያለ ኖታ በደረት ድምፅ ይዛ፣ ኦርኬስትራው ዜማውን ሲጫወት እርሷ 16 ባር (ዜማ የሚከፋፈልባቸው እኩል የምት ክፍሎች) ሙሉ አልለቀቀችውም። የብሮድዌይ ጆሮ ከዚያ በኋላ ይህን ድምፅ እየፈለገ መጣ። ተዋናይ ሰውነቱ ላይ የሚያስረው ማይክሮፎን የተስፋፋው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

«ቤልቲንግ ድምፅ ይበላል» የሚለው ስጋት ከክላሲካል መምህራን አፍ ለረጅም ጊዜ አልጠፋም። ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ አንገቱን ገትሮ፣ አየር እየገፋ የሚጮህ ሰው አውታሩን ያቆስላል። ነገር ግን ክላሲካልም ከዚህ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1841 ስዊድናዊቷ የኦፔራ ዘፋኝ ዬኒ ሊንድ ገና በ20 ዓመቷ ድምፅዋ ተዳክሞ ፓሪስ ወደሚገኘው መምህር ማኑዌል ጋርሲያ ሄደች። እርሱም ከማስተማሩ በፊት ድምፅዋን እንድታሳርፍ አዘዛት። ይህ ጋርሲያ በ1854 በትንሽ መስተዋት የራሱን የድምፅ አውታሮች ሲንቀሳቀሱ ያየ ሰው ነው። የሊንድን ድምፅ ያደከመው ቤልቲንግ አልነበረም፤ ኦፔራ ስትዘፍን ነው የደከመችው። ድምፅን የሚጎዳው ያልተማሩትን ነገር በጉልበት መሥራት ነው፤ ስልቱ ምንም ይሁን ምን። የአሜሪካ የዘፈን መምህራን አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መግለጫ ክላሲካል ያልሆኑ ስልቶች የራሳቸው የማስተማሪያ መንገድ እንደሚያስፈልጋቸው ደግፏል።

ስለዚህ «ክላሲካል ከተማርሽ ሁሉንም ትዘፍኛለሽ» የሚለውን ምክር አልቀበለውም። ትንፋሽ፣ ቅኝት መጠበቅ፣ ኖታ ማንበብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ቤልቲንግ ግን አብሮ አይመጣም። በተቃራኒው ቤልቲንግ ብቻ ያላት ዘፋኝ መንገዷ ይጠብባታል፤ ብሮድዌይ ላይ «ሌጂት» የሚባለው፣ ወደ ክላሲካል የሚጠጋው አዘፋፈን የሚጠየቅባቸው ሚናዎች ዛሬም ብዙ ናቸው። ዘፋኟና ተዋናይቷ ኦድራ ማክዶናልድ ጁሊያርድ በተባለው የኒውዮርክ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ክላሲካል ድምፅ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1993 ከተመረቀች በኋላ ቶኒ የሚባለውን የብሮድዌይ ቴአትር ሽልማት ስድስት ጊዜ ወስዳለች። ኬሊ ኦሃራም በኦፔራ ተመርቃ ብሮድዌይ ገባች፤ በ2014 ማብቂያ ደግሞ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይ ቆመች። በሩ አልተቆለፈም፤ ሁለተኛውን ስልት ግን መማር ግድ ነው።

የሥራው ኑሮ ደግሞ ፈጽሞ ይለያያል። የክላሲካል ተማሪ ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ አነባበብ ያጠናል፤ ትልልቅ የኦፔራ ድምፆች የሚበስሉት በሠላሳዎቹ ዕድሜ ስለሆነ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። በአንድ ትርዒትና በሌላው መካከል የዕረፍት ቀን ማግኘቱ የተለመደ ነው። የሙዚቃዊ ቴአትር ተማሪ ይተውናል፣ ይጨፍራል፣ ይዘፍናል፤ ሚና ለማግኘት ለፈተና ሲቀርብ ብዙ ጊዜ 16 ባር ብቻ ዘፍኖ እንዲወጣ ይደረጋል። ሥራ ካገኘ ብሮድዌይ ላይ በሳምንት ስምንት ትርዒት ይጠብቀዋል፤ ያውም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ። ይህን ሸክም በጩኸት የሚችለው ጉሮሮ የለም።

ለእህቴ ልጅ መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ «ሁለተኛውን ከቀዳሽ በኋላ ስትናገሪ ድምፅሽ እንዴት ነበር?» ትንሽ ቆይታ «እስከ ማታ ጎርንኖ ነበር» አለችኝ። ምርጫውን እናቆየው፣ መጀመሪያ ቤልቲንግን የሚያውቅ መምህር እንፈልግ አልኳት። እናቷ ብዙ ጠያይቃ አንዲት አስተማሪ አገኘች። በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ አንድም ዘፈን አልዘፈነችም። መምህሯ ክፍሉ ጥግ ሄዳ ቆመችና «መንገድ ማዶ እንዳለሁ አድርገሽ ጥሪኝ» አለቻት፤ እርሷም ሰዓቱ እስኪያልቅ፣ አንገቷን ሳትገትር፣ «ሄይ!» ስትል ዋለች። ማታ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር።