በግድ እኩል፦ የዛምያቲን «እኛ» እና ተከታዮቹ

ሰውን ሁሉ በግድ እኩል ስላደረገ መንግሥትና ስላመፀበት አንድ ሰው የሚተርኩ ልቦለዶች ዛሬ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆነዋል። ፈር ቀዳጁ የሩሲያዊው የይቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛምያቲን በሙያው የመርከብ መሐንዲስ ነበር። በ1916 እንግሊዝ ሄዶ ለሩሲያ የሚሠሩ በረዶ ሰባሪ መርከቦችን ተቆጣጥሯል። ድንቅ መጽሐፉን በ1920 እና 1921 ጻፈ።

የመጽሐፉ ሰዎች ስም የላቸውም፤ መጠሪያቸው ፊደልና ቁጥር ነው። የሚኖሩት በመስታወት ቤት ነው። እኩል ይነሳሉ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ 50 ጊዜ ያኝካሉ። መጋረጃ የሚወርደው በሮዝ ቲኬት፣ ለፍቅር በተፈቀደው ሰዓት ብቻ ነው። ባለታሪኩ ዲ-503 የጠፈር መርከብ መሐንዲስ ነው። በሥርዓቱ ከልቡ ያምናል። የሚከነክነው የሰው አፍንጫ ገና አለመመሳሰሉ ነው፤ አፍንጫ እስከተለያየ ድረስ ቅናት አይጠፋማ። የራሱ እጆች ፀጉራም መሆናቸውም ያሳፍረዋል። አመፀኛዋ አይ-330 ግን ገና ሲተዋወቁ እጆቹን ልብ ብላ ታያለች። ኋላ ላይ አገሪቱን ከሚከበው አረንጓዴ ግንብ ማዶ በፀጉር የተሸፈኑ ነፃ ሰዎች እንዳሉ ስናውቅ የእጆቹ ነገር ይገባናል። የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ አመፁ ከሐሳብ በፊት ከገላ ይጀምራል። መጨረሻው ግን መራራ ነው። ዲ-503 ምናቡን በቀዶ ሕክምና ያወጡለታል። አይ-330 ስትሰቃይ ቁጭ ብሎ ያያል፤ እሷ ትንፍሽ አትልም።

መጽሐፉ በሶቪየት ኅብረት ታገደ። መጀመሪያ የታተመው በ1924 ኒው ዮርክ፣ በእንግሊዝኛ ነው። ዛምያቲን በ1931 ለስታሊን ደብዳቤ ጽፎ ከአገር እንዲወጣ ተፈቀደለት፤ በ1937 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። የአገሩ ሰው መጽሐፉን በይፋ ታትሞ ያገኘው በ1988 ነው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል «እኛ»ን አንብቦ በ1946 ሂስ ጽፎበታል፤ የእሱ «1984» የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ለ«እኛ» ባለዕዳ ነው ይሉታል። «ብሬቭ ኒው ወርልድ» የተባለውን ልቦለድ የጻፈው አልደስ ሃክስሊም ከ«እኛ» ሳይወስድ አልቀረም ያለው ራሱ ኦርዌል ሲሆን፣ ሃክስሊ ግን አስተባብሏል።

ደራሲዋ አየን ራንድ በ1938 «እኔ» ማለት የተረሳበትን ዓለም አሳየች። የኤል ፒ ሃርትሊ የ1960 ልቦለድ ፊት በቀዶ ሕክምና አማካይ የሚደረግበትን አገር ይስላል።

የከርት ቮኔገት አጭር ልቦለድ በ1961 ወጣ። ዘመኑ 2081 ነው፤ ሁሉም እኩል እንዲሆን ብርቱው ክብደት ይሸከማል፣ ቆንጆው ጭንብል ያጠልቃል። የ14 ዓመቱ ሃሪሰን ሸክሙን በቴሌቪዥን ፊት አሽቀንጥሮ ይጥላል፤ ወዲያው ይገደላል። ብዙዎች ታሪኩን እኩልነትን እንደሚያወግዝ ጽሑፍ ያነቡታል። በ2005 በአሜሪካዋ ካንሳስ ግዛት ውስጥ በትምህርት ቤቶች በጀት ክርክር ላይ እኩል ክፍፍልን የተቃወሙ ጠበቆች ጠቀሱት። ቮኔገት ግን ታሪኩ ስለ አእምሮና ስለ ተሰጥኦ ነው፣ ሀብት የሁለቱም ማስረጃ አይሆንም ብሎ መለሰላቸው።