ዴልታ ቲ ምንድን ነው? ብዙ ግራፊክስ ካርድ በውሃ ለሚያቀዘቅዙ

ሁለት ሦስት ግራፊክስ ካርድ አንድ ኬዝ ውስጥ አስገብቶ በውሃ የሚያቀዘቅዝ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ያነሳል። «ካርዶቼ 68 ዲግሪ ደርሰዋል፤ ችግር አለው?» ይላል። መልሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነው? ውሃውስ? ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም አልለካም።

68 ብቻውን ምንም አይነግረንም። ክፍሉ 34 ዲግሪ ከሆነ ምንም አይልም፤ ካርዶቹ በሰላም እየሠሩ ነው። ክፍሉ 18 ዲግሪ ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ላይ የተበላሸ ነገር አለ። ቁጥሩ ያው ነው፣ ታሪኩ ግን ሌላ።

ዴልታ ቲ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስሙ የፊዚክስ ፈተና ያስታውሳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ዴልታ ልዩነትን ለማመልከት የምንጠቀምበት የግሪክ ፊደል ነው፤ ቲ ደግሞ የሙቀት መጠንን ይወክላል። ውሃው 40፣ አየሩ 28 ዲግሪ ከሆነ ዴልታ ቲው 12 ነው። በቃ፣ መቀነስ ነው።

ለምን ልዩነቱ ላይ እናተኩራለን? ሙቀት የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ስለሆነ ነው። ልዩነት ከሌለ የሚሄድ ነገር የለም። ልዩነቱ ሲሰፋ ደግሞ በዚያው ልክ ብዙ ሙቀት ይሄዳል። ራዲያተር፣ ማለትም የውሃውን ሙቀት በፋን እየተነፋ ወደ አየር የሚያስወጣው ክፍል፣ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ውሃውን ከአየሩ በታች ማውረድ የማይችለውም ለዚህ ነው።

ካርዶቹ ሥራ ሲጀምሩ የሚሆነውን አስቡት። ውሃው መሞቅ ይጀምራል። በሞቀ ቁጥር ራዲያተሩ ወደ አየር የሚያስወጣው ሙቀት ይጨምራል። የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሲሆኑ ውሃው እዚያው ዲግሪ ላይ ይቆማል። ውሃው የቆመው ከአየሩ ስንት ዲግሪ ርቆ ነው? ዴልታው ይኸው ነው። ከዋቱ ጋርም አብሮ ያድጋል። ሁለት ካርዶች 700 ዋት እያወጡ ዴልታው 10 ከነበረ፣ ሦስተኛው ተጨምሮ 1050 ዋት ሲሆን 15 ገደማ ይሆናል። ሌላ ምንም ሳይበላሽ ማለት ነው። «ካርድ ጨመርኩና ሁሉም ሞቀብኝ» ለሚል ሰው ግማሹ መልስ እዚህ ጋ አለ።

እኔ ጠቅላላውን እንደ ደረጃ ነው የማየው። ከታች የክፍሉ አየር አለ። ቀጥሎ ራዲያተሩ ውስጥ የሚገባው አየር፣ ከዚያ ውሃው፣ ከላይ ደግሞ ቺፑ። ለምሳሌ ክፍሉ 26፣ ራዲያተሩ ጋ የሚደርሰው አየር 33፣ ውሃው 45፣ ቺፑ 59 ይሁን። እርከኖቹ 7፣ 12 እና 14 ዲግሪ ናቸው ማለት ነው። ሦስቱም የየራሳቸው መንስኤና መፍትሔ አላቸው። የትኛው እንደተጋነነ ሳያውቁ ፓምፕ ማፋጠን፣ ፔስት (ቺፑ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) መቀየር፣ ፋን መግዛት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

የመጀመሪያውን እርከን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኔም ረስቼው አውቃለሁ። ሁለት ካርድ የነበረው ማሽኔ ሲግልብኝ ከኬዙ አናት ላይ ሌላ ራዲያተር ጨመርኩ። ቅዳሜዬን ሙሉ ቱቦ ስቆርጥ ዋልኩ። ውጤቱ ሁለት ዲግሪ እንኳን አልሞላም! ለካ የፊተኛው ራዲያተር የሞቀ አየሩን ወደ ኬዙ ውስጥ ነበር የሚነፋው። አዲሱ ደግሞ ያንኑ የሞቀ አየር እየሳበ ነበር የሚያስወጣው። በሞቀ አየር ውሃ ለማቀዝቀዝ እየሞከርኩ ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ የኬዙን የጎን ሽፋን ከፍቶ ማየት ይበቃል። ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ ክፈቱትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃው በብዙ ዲግሪ ከወረደ ጥፋቱ የአየር መተላለፊያው ነው። መፍትሔው እያንዳንዱ ራዲያተር ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያገኝበትን መንገድ መፍጠር ነው። ንጹሕ አየር የሚያስገቡ ፋኖች ይጨመራሉ፣ ወይም የአንዱ ራዲያተር ፋኖች ይገለበጣሉ። ሦስትና አራት ካርድ ላለው ሰው ግን የእኔ ምክር ራዲያተሩን ጭራሽ ከኬዙ ውጭ ማድረግ ነው። አያምርም፤ ይሠራል ግን።

ክፍሉንም አትርሱት። ኮምፒውተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። 1000 ዋት የሚበላ ማሽን በር በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲውል ከክፍል ማሞቂያ አይለይም። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር አብሮ ከሞቀና ዴልታዎቹ ካልተለወጡ ማሽኑን ተዉት፤ መስኮቱን ክፈቱ።

ሁለተኛው እርከን በአየሩና በውሃው መካከል ያለው ነው። ሰዎች በደፈናው «ዴልታ ቲ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ማለታቸው ነው። የሚወስኑት የራዲያተሩ ስፋትና የፋኖቹ ጉልበት ናቸው። ለግምት ያህል፣ አንድ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን የሚሸፍነው የራዲያተር ክፍል ፋኑ በመካከለኛ ፍጥነት ሲዞር በ10 ዲግሪ ዴልታ 100 ዋት ገደማ ያስወጣል። የግምት ሕግ ነው፤ እንደ ራዲያተሩ ውፍረትና እንደ ፋኑ ከፍም ዝቅም ይላል። ለማቀድ ግን በቂ ነው።

እስቲ እናስላ። ሦስት አርቲኤክስ 3090 የተባሉ ግራፊክስ ካርዶች እያንዳንዳቸው 350 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 150 ዋት ቢሆን ድምሩ 1200 ዋት ነው። ሁለት ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር፣ እያንዳንዱ ሦስት ባለ 120 ፋን ስለሚይዝ፣ ስድስት ፋን ይይዛሉ። በ10 ዲግሪ ዴልታ 600 ዋት ብቻ ያስወጣሉ። ስለዚህ ለ1200 ዋት ዴልታው ወደ 20 ይሄዳል። የሚገባው አየር 30 ዲግሪ ከሆነ ውሃው 50 ይሆናል ማለት ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው ዲ5 ፓምፕ እስከ 60 ዲግሪ ለሚደርስ ውሃ ነው የተሠራው። ለስላሳ ቱቦም ሲግል ይልፈሰፈሳል። እኔ በበኩሌ ውሃው 45 ካለፈ አላምነውም።

ሦስተኛው እርከን በውሃውና በቺፑ መካከል ነው። እዚህ ቦታ ላይ ብሎኩ አለ፤ ቺፑ ላይ ታስሮ ውሃ የሚያልፍበት መዳብ ማለት ነው። በመካከላቸው ፔስቱ አለ። 350 ዋት በሚያወጣ ካርድ ላይ ይህ እርከን ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ከሆነ ጤነኛ ነው። 30 ከሆነ አንድ ነገር አለ።

ምኑ ነው የተበላሸው? ካርዶቹን እርስ በርስ ማወዳደር ብዙ ይናገራል። ለዚህ ግን አንድ ቁጥር ያስፈልገናል። በደቂቃ አንድ ሊትር የሚፈስ ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 70 ዋት ገደማ ይሸከማል። በደቂቃ አራት ሊትር ከፈሰሰ 280 ዋት ማለት ነው። ስለዚህ 350 ዋት የሚያወጣ ካርድ ያለፈበትን ውሃ የሚያሞቀው በአንድ ዲግሪ ከሩብ ብቻ ነው። «መጀመሪያ የትኛው ካርድ ይቅደም?» የሚለው የማያልቅ ክርክር በዚህ ያበቃል። ፍሰቱ ደህና ከሆነ ቅደም ተከተሉ ለውጥ የለውም።

ፍሰቱ ሲደክም ግን ሌላ ነው። በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ ከሆነ እያንዳንዱ ካርድ ውሃውን በአምስት ዲግሪ ያሞቀዋል። ሦስተኛው ካርድ የሚደርሰው ውሃ ከመጀመሪያው በ10 ዲግሪ የሞቀ ይሆናል። ስለዚህ ካርዶቹ በውሃው አካሄድ ቅደም ተከተል እየጨመሩ ከሞቁ ፓምፑን፣ የታጠፈ ቱቦንና የተደፈነ ብሎክን መርምሩ። አንዱ ካርድ ብቻ ተነጥሎ ከሞቀ ግን ብሎኩን ፍቱት። ፔስቱ አልተዳረሰም ወይም ብሎኖቹ እኩል አልጠበቁም።

ይህ ካርዶቹ በተከታታይ ሲያያዙ ነው፤ አንዱን የጨረሰ ውሃ ወደ ቀጣዩ ይገባል። በትይዩ ሲያያዙ ውሃው ተከፋፍሎ በሁሉም በአንዴ ያልፋል። ፓምፑ ይቀለዋል፣ ለሁሉም የሚደርሰው ውሃም እኩል የቀዘቀዘ ነው። መዘዙ ውሃ ቀላሉን መንገድ መምረጡ ነው። የአንዱ ብሎክ ስስ መስመሮች በቆሻሻ ከተደፈኑ ውሃው በሌሎቹ ያልፍና ያ ካርድ ብቻውን ይግላል። ስለዚህ በትይዩ ላይ ተነጥሎ የሞቀ ካርድ ሲገኝ ከፔስቱ ሌላ መደፈንም ይጠረጠራል።

በዚህ አጋጣሚ፣ «ውሃው ቀስ ቢል ራዲያተሩ ውስጥ ቆይቶ ይቀዘቅዛል» የሚባለው ስህተት ነው። ራዲያተሩ ውስጥ የሚቆየውን ያህል ብሎኩ ውስጥም ይቆያል፤ እዚያ ደግሞ ይሞቃል። ያም ሆኖ ፓምፑን አለልክ ማስጮህም ጥቅም የለውም። በደቂቃ አራት ሊትር ገደማ ከደረሳችሁ በኋላ የምታገኙት ለውጥ ኢምንት ነው።

አንድ ነገር ከዚህ ደረጃ ውጭ ይቀራል፤ የካርዱ ሚሞሪ። አርቲኤክስ 3090 ካሉት 24 የሚሞሪ ቺፖች ግማሾቹ በካርዱ ጀርባ ላይ ናቸው። ተራው ብሎክ የሚያቀዘቅዘው የፊቱን ነው። ዋናው ቺፕ 55 ዲግሪ ላይ ተዝናንቶ የጀርባው ሚሞሪ ወደ 100 ሊጠጋ ይችላል፤ በተለይ ካርዶቹ ተጠጋግተው ሲደረደሩ። የሚሞሪውን ሙቀት ለብቻው የሚያሳይ ሶፍትዌር ተመልከቱ።

ከሁሉም በፊት እኔ የምሞክረው ግን አንድ ሳንቲም የማያስወጣውን ነው። የካርዶቹን የኃይል ጣሪያ ዝቅ ማድረግ። ዴልታዎቹ ሁሉ ከዋቱ ጋር አብረው የሚሄዱ ስለሆኑ 350ውን ዋት ወደ 280 ማውረድ ሦስቱንም እርከኖች ያሳጥራል። የ14 ዲግሪው እርከን ወደ 11 ይወርዳል። ከፍጥነቱ የሚቀነሰው ግን ከኃይሉ በመቶኛ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው። በአንድ ጊዜ ሁሉንም የሚነካ ሌላ መፍትሔ አላየሁም።

ለመለካት ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው ውሃው መስመር ውስጥ የሚገባ ሴንሰር ነው። ሁለተኛው ራዲያተሩ አየር በሚስብበት በኩል የሚንጠለጠል ቴርሞሜትር ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አይደለም። ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጭነት ላይ አቆዩትና ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲያቆም መዝግቡ። የአምስት ደቂቃ ሙከራ ሁልጊዜ ያሞግሳችኋል።

ሴንሰሮቹ እርስ በርስ ላይስማሙ ይችላሉ። ስለዚህ ማሽኑ ጠፍቶ ይደር። ጠዋት እንደተነሳ፣ ካርዶቹ ሥራ ሳይጀምሩ፣ ውሃውና አየሩ አንድ ዲግሪ ላይ መሆን አለባቸው። የውሃው ሴንሰር አንድ ተኩል ዲግሪ አብልጦ ካሳየ ያ የሴንሰሩ ስህተት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከምታገኙት ዴልታ ላይ ቀንሱት።