ቆስጣ ለዓሣ፦ ስለ አኳሪየም ዓሣ አትክልት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጉፒ ወይም ሞሊ የሚባሉትን ትንንሽ የአኳሪየም ዓሦች ቤቱ ያስገባ ሰው አንድ ቀን ደረቁ ምግብ ያልቅበታል። ከዚያ ፍሪጁን ከፍቶ ቆስጣውን ያያል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከሰው የሚሰማው ምክር ግን ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ግምት ነው።

«አትክልት ለማንኛውም ዓሣ ይሆናል»

አይሆንም። ቤታ የሚባለው የአኳሪየም ዓሣ በትውልድ አገሩ ታይላንድ፣ በሩዝ ማሳና በረግረግ ውስጥ ነፍሳትና የትንኝ እጭ እየለቀመ የሚኖር ዓሣ ነው። ጾም የሚባል ነገር አያውቅም። ሞሊ ግን አልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር፣ ይግጣል፤ ስለዚህ አትክልት ይስማማዋል። ጉፒና ጎልድፊሽ ሁለቱንም ይበላሉ። ለእነሱ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ከደረቁ ምግብ ጎን ለጎን መስጠት ይበቃል።

«ጥሬው ይሻላል፣ ሲቀቀል ቫይታሚኑ ይጠፋል»

ይሄ ግማሽ እውነት አለው። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይቀንሳል፣ ወደ መቀቀያው ውሃም ይወጣል። ግን ዓሣው መቁረስ ያቃተው ቫይታሚን ምን ይፈይድለታል? የጉፒ አፍ እኮ ኢምንት ናት። ጥሬ ዝኩኒ ደግሞ ይንሳፈፋል፤ ታች የሚበሉት ዓሦች አያገኙትም።

መፍትሔው ለአፍታ በፈላ ውሃ መንከር ነው። በደንብ ታጥቦ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የዝኩኒ ቁራጭ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ቆስጣ ግንዱ ወጥቶ ቅጠሉ ብቻ፣ ግማሽ ደቂቃ ቢቆይ በቂ ነው። እሸት አተር ጠንከር ስለሚል ቆየት ይላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሌላ አገር የተጻፈ ደቂቃ ስታነቡ ትንሽ ጨምሩበት። ዋናው መለኪያ ግን ጣታችሁ ነው። ጫን ስትሉት ለስለስ ካለ፣ ግን ካልፈረሰ፣ ደርሷል። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። አተሩን ልጣጩን አውጡና ውስጡን በጣት ፈርፍሩት።

«ከእኛው ሳህን ትንሽ ቆንጥሮ መስጠት ነው»

የእኛ ጎመን ዘይት፣ ሽንኩርትና ጨው አለበት። ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ዓሣው ደግሞ ጨውና ቅመም አያስፈልገውም። የዓሣውን ድርሻ ከመሠራቱ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ። የቆርቆሮ አተርም ብዙውን ጊዜ ጨው ስላለበት በፍሪዘር የቀዘቀዘው ይመረጣል።

«አትክልት ስለሆነ ውሃ አያበላሽም»

በዚህ እኔም ተቀጥቻለሁ። ዓርብ ማታ የዝኩኒ ቁራጭ ከትቼ ለሁለት ቀን ከቤት ወጣሁ። እሑድ ስመለስ ውሃው ወተት መስሏል፣ ዓሦቹም ላይ ላይ ሆነው አየር ይጎርሳሉ። ነገሩ ቀላል ነው፦ የተረፈው ሲበሰብስ ባክቴሪያ ይራባል፣ ኦክስጅኑን ይሻማል፣ ዓሣን የሚጎዳው አሞኒያም ይጨምራል። ለጉፒ የሰጣችሁትን ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ አውጡ። ሹካ ላይ ሰክቶ ማስገባት ለማውጣትም ይመቻል።

«ዓሣው ተነፍቶ ከተንጋለለ አተር ያድነዋል»

አንዳንዴ፣ ሆዱ ደርቆ ከሆነ። በተለይ ድቡልቡል ጎልድፊሽ ከመጠን በላይ በልቶ ሚዛኑ ሲዛባ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሳይበላ ቆይቶ ከዚያ ትንሽ አተር ሊረዳው ይችላል። ኢንፌክሽን፣ የውሃ ቅዝቃዜ ወይም አብሮት የተወለደ ጉድለት ከሆነ ግን አተር ምንም አይፈይድም። መጀመሪያ ውሃውን መርምሩ።

«አንዴ እምቢ ካለ አይወደውም ማለት ነው»

ደረቅ ምግብ የለመደ ዓሣ አዲሱን ነገር ምግብ መሆኑን እስኪያውቅ ጊዜ ይፈልጋል። ሦስት አራት ጊዜ ሞክሩ፤ በዚያ ቀን ሌላ ምግብ ቀድማችሁ አትስጡ። ፕሌኮ የሚባለው ባለጢም የአኳሪየም ዓሣ ደግሞ የሌሊት ሰው ነው። ለእሱ ዝኩኒውን መብራት ስታጠፉ ክተቱ፤ ጠዋት መሃሉ ተበልቶ የልጣጩ ቀለበት ብቻ ሹካው ላይ ይጠብቃችኋል።